ተረፈ

እናቴ በርጩማዋን ከጓዳ አውጥታ ከግቢው በር አጠገብ ተቀምጣለች። ጸጉሯን ተበጥራለች፣ የክት ነጠላዋን ለብሳለች። ጭኗ ላይ መጽሔት ተዘርግቷል። ስገባ ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ያለ አስተያየቷን የማውቀው ከሐዘናችን በፊት ነው፤ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

«ሓወኺ ደዊሉልኪ ድዩ?» አለችኝ። ወንድምሽ ደውሎልሻል ወይ ማለቷ ነው።

የወንድሜ የሓፍቶም መርዶ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ድንኳን ተጥሏል፣ ተለቅሷል፣ ልብሱም ለነዳያን ተሰጥቷል። እናቴ ራሷ ናት አጥባ አጣጥፋ የሰጠችው። ታዲያ አሁን ምን ነካት ብዬ ቆምኩ። የያዝኩትን ደስታ እንኳ ገና ከቦርሳዬ አላወጣሁትም ነበር።

ያን ቀን ጧት የሥራ ባልደረባዬ ሮሃ አንድ የአዲስ አበባ መጽሔት ይዛልኝ መጣች። ገልጬ ሳይ ስሜ አለ፤ ፍሬወይኒ ገብረዝጊ ይላል፣ በትልቁ። የመጀመሪያዬ ነው። ታሪኩን በቃሌ ስለማውቀው አላነበብኩትም፤ ከእናቴ ጋር ላነበው ብዬ ከሥራ አስፈቅጄ በባጃጅ ሰሜን ክፍለ ከተማ ወዳለው ቤታችን በረርኩ። ሮሃ ግን ለደስታዬ ቸኩላ፣ ወደ ሥራ ስትመጣ በቤታችን በኩል አልፋ አንድ ቅጂ ለእናቴ ሰጥታት ኖሯል። እናቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረች ሴት ናት። ጣቷን በመስመሩ ላይ እየጎተተች እስከ መጨረሻው አንብባዋለች።

አሁንም ጣቷን አነሳችና የመጨረሻው አንቀጽ ላይ አሳረፈችው። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ።

«አመሻሹ ላይ የበሩ እግር በጫማ ጫፍ ተመታ። ‹ሰብ የለን ድዩ?› አለ ያ ድምፅ። እናቴ የታጠበ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ሮጠች።»

ይህን እኔ አልጻፍኩም። የእኔ ታሪክ የሚያልቀው ከዚያ በፊት ባለችው አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ እህት ወንድሟን ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ አይመጣም፤ አለቀ። ይህ ሰው ግን መጥቷል። ደግሞም የመጣው እንደ ሓፍቶም ነው። ሓፍቶም በር በእጁ አንኳኩቶ አያውቅም፤ በጫማው ጫፍ ገፋ ያደርገውና ሰው እንዳለ እያወቀ ሰው የለም ወይ ይላል። ይህን ከቤታችን ውጪ የሚያውቅ የለም። የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

እናቴ አንድ ነገር ሰምቼ የደበቅኳት መስሏት ነበር። ደንግጣ እንዳትወድቅብኝ ፈርቼ በታሪክ አስመስዬ የነገርኳት መስሏት ነበር። መርዷቸው ከተነገረ በኋላ በእግራቸው የመጡ ልጆች አሉ ብላ ከተምቤንም ከራያም የሰማችውን ነገረችኝ። አልደወለም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የተበጠረ ጸጉሯን አየሁና አቃተኝ። መጣሁ ብያት ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ እንባ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። የመጣው ግን ቆሽት የሚያሳርር ንዴት ነው።

*

እኔና መጻፍ ከተዋወቅን ቆይተናል። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር ሽፋናቸው የተገነጠለ የአማርኛ ልቦለዶች ከወንበሩ ሥር ያወጣ ነበር። ቤታችን የምንጣላውም የምንታረቀውም በትግርኛ ነው፤ ታሪክ ግን ወደ እኔ የመጣው በአማርኛ ነው። በገዛ ቋንቋሽ አትጽፊም ወይ የሚለኝ ሰው ሞልቷል። እጽፋለሁ፤ እሱን ለማንም አላሳይም።

የመጀመሪያው አንባቢዬ ሓፍቶም ነበር። ጢሙን እየተላጨ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያደርገኛል። ደስ ካለው ምላጩን ያቆማል፤ ካላለው መላጨቱን ይቀጥላል። ሁልጊዜም የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ ውሸት የሚመጣው መጨረሻው ላይ ስለሆነ መጨረሻውን አታሳምሪው ይለኛል። እሱ ወደ ጦርነቱ ከሄደ በኋላ ለብዙ ጊዜ አንዲት መስመር አልጻፍኩም። እንደገና ያስጀመረኝ፣ ይህን ታሪክም ወደ መጽሔቱ የላከልኝ ቀለሙ ነው።

ቀለሙ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፣ እዚህ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ያስተምራል። እኔ ዓዲ ሓቂ ካለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት ኮፒ ቤት ውስጥ እተይባለሁ። አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ሊያስተይብ መጣና የመምህሩ ስም ብዬ ስጠይቀው «ቀለሙ ተረፈ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። አባትህን ጥለዋቸው ሄዱ እንዴ አልኩት። እሱም ሳቀ። ምን እንዳሳቀኝ ግን አልጠየቀኝም። ያኔ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ እናቴ ዛሬ በር ላይ አትቀመጥም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰበብ እየፈለገ ይመጣል። «እስቲ ዓይን በይ» ይለኛል። ዓይን ስል ድምፁ ከጉሮሮዬ ጥግ ነው የሚወጣው፤ በእነሱ አገር ከዚያ ድምፅ የቀረው ፊደሉ ብቻ ነው። ፊደሉ ለምን እንደተፈጠረ አሁን ገና ገባኝ ይልና ዓይኔን ያየኛል። ወረፋ የያዙት ተማሪዎች ይሳሳቃሉ። እኔ ደግሞ የምተይበውን እሳሳታለሁ።

እናቴ ቀለሙን አትጠላውም። ጨዋ ልጅ ነው ትላለች። ነገር ግን ልጇን ከበላው ጦርነት ማዶ የመጣ ሰው ቤቷ ገብቶ ልጄ ሆይ እንድትለው አንጀቷ እሺ አላላትም። እኔም አላስገደድኳትም። ስለዚህ ቀለሙ ቤታችንን የሚያውቀው ከውጭ ብቻ ነው፤ በሩን አንኳኩቶ አያውቅም። ሓፍቶም እንዴት እንደሚመታው ግን ያውቃል፤ ነግሬዋለሁ። እየሳቅኩ ጀምሬ፣ እሱ ትከሻ ላይ ነው የጨረስኩት።

*

ቀለሙ ዩኒቨርሲቲው ግቢ አጠገብ ያለችው ካፌ በረንዳ ላይ ነበር። ሦስት ቅጂ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯል። ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሳ። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ደራሲ» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። መጽሔቱን ገልጬ ፊቱ አስቀመጥኩና ይህ አንቀጽ የማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

ፈገግታው ገና አልጠፋም። መጽሔቱ ላይ የሚሠራው ጓደኛው ታሪኩን ወዶት እንደነበር፣ መጨረሻው ግን የተቆረጠ መስሎት ትንሽ ይጨመርበት እንዳለው፣ ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ ስለነበርም ጊዜ እንዳልነበረ ነገረኝ። እኔን መጠየቅ ቁስሌን መነካካት መስሎት እንደነበር ነገረኝ። ሳልነግርሽ ላስደስትሽ ብዬ ነው አለኝ።

ደስታዬን ነገርኩት። እናቴ በርጩማ ይዛ በር ላይ እንደተቀመጠች፣ የክት ነጠላዋን እንደለበሰች፣ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቷን እንደምታቀና ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ቁጭ አለ።

«የበሩን ነገር የነገርኩት ለአንተ ነው» አልኩት። «ለመጽሔት አይደለም። እኔ እህቱ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ የምለው፣ ልጽፈው ያልደፈርኩትን ነገር ነው የወሰድከው።»

ከዚያ ቀስ ብሎ «ፍሬ፣ አንቺ እኮ ነሽ ያዳንሽው» አለኝ።

ያበደ መሰለኝ። መጽሔቱን ወደ እሱ ጎትቶ ጣቱን ከእሱ አንቀጽ በላይ ባለችው መስመር ላይ አደረገ፤ የእኔ የመጨረሻ መስመር ናት። «ወንድሜ እዚያ ተረፈ» ትላለች።

«ይህ ያንቺ ነው፣ አንድ ፊደል አልነካሁም። ሓፍቶም እንደሞተ አውቃለሁ። እዚህ ስደርስ አለቀስኩ። በእውነት ያጣችውን በብዕሯ አተረፈችው አልኩ። ሥነ ጽሑፍ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል አልኩ። እኔ አንቺ ያተረፍሽውን ሰው ቤቱ ድረስ ነው የሸኘሁት፣ ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

የቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ።

በእኛ ቤት ተረፈ ማለት ቀረ ማለት ነው። የተሰረዘ ሰርግ ተረፈ ይባላል። ይመጣል የተባለ እንግዳ ሳይመጣ ሲቀር ተረፈ ይባላል። ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ተረፈ ይባላል፤ ለዳነው ሌላ ቃል አለን። አማርኛው ሌላ እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ትረፊ ያላት ነፍስ የሚለውን ስንት ልቦለድ ውስጥ አንብቤዋለሁ። ያችን መስመር ስጽፍ ግን ጆሮዬ ውስጥ የነበረው የልቦለድ ቃል አይደለም። የሓፍቶም ጓደኛ መርዶውን ይዞ መጥቶ ግቢያችን መሐል ቆሞ ያለው ቃል ነው። «ኣብኡ ተሪፉ» ነው ያለው፤ እዚያው ቀረ ማለቱ ነው። ከዚህ ሌላ አላለም። እኔም ሌላ ቃል አልፈለግኩም፣ እንዳለ አማርኛ አለበስኩት።

ይህን ስነግረው ቀለሙ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። አባቱ ተረፈ የተባሉት ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁሉ በሕፃንነታቸው ሞተው እሳቸው ብቻ ስላደጉ እንደሆነ ነገረኝ። በእነሱ ቤት ይህ ቃል የምሥራች ነው። ያ የመጀመሪያው ቀን ሳቄ ትዝ አለኝ። የሰውየውን የምሥራች እንደ ቀልድ ስቄበት፣ እሱ ደግሞ የእኔን መርዶ እንደ ምሥራች አንብቦት፣ በዚህ መሐል ተፋቀርን ብለን ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጠናል።

ይህ ሁሉ ሲገባኝ ንዴቴ ይበርዳል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰበት። ጥፋቱ የቃል ነው ብሎ እጅ መታጠብ አለ እንዴ።

«ቃሉ የእኔ ነው፣ እሺ» አልኩት። «በሩን ግን ማን ክፈተው አለህ? አንድ ጊዜ፣ ፍሬ ምን ማለትሽ ነው ብትለኝ ምን ይቀርብህ ነበር? አማርኛ አስተማሪ ስለሆንክ እኔ በአማርኛ ያልኩትን ከእኔ በላይ የምታውቅ መሰለህ?»

ለመጽሔቱ በስሙ እንዲጽፍ ነገርኩት፤ የመጨረሻው አንቀጽ የእኔ ነው፣ ደራሲዋ አታውቅም ብሎ። ዓይኑ ወደ ጎን ሄደ። ሁለት ተማሪዎቹ አጠገባችን ተቀምጠው ጆሯቸውን ጥለዋል። የሰው ድርሰት ላይ የራሱን ጽፎ በሰው ስም ያሳተመ መምህር መባሉን ሲያስበው አየሁ። አንዴ ብቻ ነው ያመነታው፣ እሱም ለአፍታ። እኔ ግን አየኋት።

ጥዬው ሄድኩ። መንገድ ላይ ያንገበገበኝ ያደረገው ነገር ብቻ አልነበረም። እንዲህ ተናድጄም፣ እጁን ከፊቱ ላይ አንስቼ ጉንጩን መዳበስ አምሮኝ ነበር። ራሴን ጠላሁት።

*

ቤት ስደርስ እናቴ ከልብሱ ለይታ ያስቀረችው የሓፍቶም ብርድ ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ውሃው ገና ይንጠባጠባል። እናቴ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣለች።

እግሯ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ማንም እንዳልደወለ፣ አንቀጹን የጻፈው ቀለሙ እንደሆነ፣ እኔ ተሪፉ ያልኩትን እሱ ዳነ ብሎ እንደተረዳው ነገርኳት። እየተናገርኩ ብርድ ልብሱን ላለማየት አንገቴን ደፋሁ። ስጨርስ የሚቀጥለውን ጠበቅኩ። ትጮሃለች፣ ደረቷን ትደቃለች ብዬ ነበር።

እሷ ግን የበሩን ነገር ያ ልጅ እንዴት እንዳወቀ ጠየቀችኝ። እኔ እንደነገርኩት አመንኩ።

«እዚህ ቤት ስሙን ጠርተሽው አታውቂም» አለችኝ በትግርኛ። «መርዶው ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን። እኔ እንዳልሰማ ብለሽ ነው እያልኩ እኔም ዝም አልኩልሽ። እዚያ ነው ለካ የምትጠሪው።»

ከቀለሙ ጋር ስጣላ የነበረኝ አንደበት የት እንደገባ አላውቅም። እውነቷን ነበር። ልጇን ከእሷ ሸሽጌ ለሌላ ሰው ሳወራው ነው የከረምኩት። እሷ ተቆጥታ አየችኝ፣ እኔም ተቆጥቼ መሬቱን አየሁ። ሁለታችንም የምንቆጣበት ሰው እዚያ አልነበረም።

በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ።

በእጅ ነው፣ ቀስ ተብሎ፣ ሦስት ጊዜ። የሓፍቶም እንዳልሆነ ከእኔ በፊት አውቃለች። ሁሉንም ነገር ነግሬያታለሁ፣ ሰምታኛለች። ቢሆንም ተነሳች። ነጠላዋን አስተካክላ መቀርቀሪያውን ሳበች። ያንን አነሳስ ካየሁ በኋላ ቀለሙን ይቅር የምል አልመሰለኝም።

ቀለሙ በላብ ተጠምቋል። ከዓዲ ሓቂ እስከ ሰሜን እንዴት እንደመጣ እንጃ። ዝቅ ብሎ «ይቕሬታ፣ ኣደይ» ብሎ እናቴን ይቅርታ ጠየቃት። የሚያውቃት ትግርኛ እዚያ ላይ አለቀች።

እናቴ ከስንት ዘመን በፊት ተማሪ ቤት የተወችውን አማርኛ አወጣችው።

«ልጄን ለኣንዲት ጧት ኣመጣህልኝ» አለችው። «ከሰዓት መልሰህ ወሰድክብኝ። ሰው የኣንድ ልጁን መርዶ ሁለት ጊዜ ኣይረዳም። ግባ ኣልልህም። ሂድም ኣልልህም።»

በርጩማዋን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። ባዶ የቀረውን ቦታ ለአፍታ አየሁት፤ ማልቀስ ያማረኝ ያኔ ነው።

*

ቀለሙ ከደጃፉ አላለፈም። ስልኩን አወጣና ሰጠኝ። ለመጽሔቱ ጽፏል። የመጨረሻውን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ደራሲዋ አታውቅም፣ አልፈቀደችምም፣ ይህን በሚቀጥለው እትም አውጡልኝ ይላል። ከሥሩ ሙሉ ስሙ አለ፤ ቀለሙ ተረፈ። ጓደኛው መልሶለታል። ታሪኩን ያለዚያ አንቀጽ እንደገና እናትመዋለን፣ አንባቢ እንዳይሳሳት ግን ደራሲዋ ያችን ቃል ብታስተካክል ብሏል።

ቀለሙም ይህንኑ ጠየቀኝ። ተረፈን ቀረ እናድርጋት ወይ አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ትክክለኛው አማርኛ ቀረ እንደሆነ አውቃለሁ። መጽሔት ላይ መውጣት የምፈልግ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ይህን ስመኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እሺ ማለት ነበረብኝ። የሓፍቶም ጓደኛ ግቢያችን መሐል ቆሞ ያለው ግን ቀረ አይደለም።

«እንዳትነካት» አልኩት። «የማይገባው አንባቢ ይጠይቀኝ። ከእንግዲህ ጽሑፌን የምልከው እኔ ነኝ፣ ከነስህተቱ። በዚህ ምክንያት አናትምም ካሉ ይቅርባቸው። ሌላ እጽፋለሁ። በር ላይ በርጩማ ይዛ ስለተቀመጠች ሴት እጽፋለሁ፤ መጨረሻውንም አላሳምረውም።»

አንገቱን ነቀነቀ። ስልኩን መለስኩለት፣ ጣቶቻችን ተነካኩ፣ ሁለታችንም ቶሎ አልተላቀቅንም። ገመዱ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አሁን ገና አየው። ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም እንዳላለቅስ ጥርሴን ነከስኩ፤ ያን ቀን ደስ እንዲለው የምሰጠው እንባ አልነበረኝም።

«እኛስ?» አለኝ።

ልዘጋው በሩን ይዤ ነበር።

«ተረፈ» አልኩት።

ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት። መጀመሪያ ፊቱ በራ፣ ወዲያው ጠቆረ። ሁለቱም ትርጉም በተራ ሲያልፉበት ቆሜ አየሁ። እንደ ልማዱ የመሰለውን ይዞ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም።

«በማን ቋንቋ ነው ያልሽው?» አለኝ።

በመጨረሻ ጠየቀ። የፈተና ወረቀቱን ይዞ በመጣበት ቀን መጠየቅ የነበረበትን ዛሬ ደጃፌ ላይ ቆሞ ጠየቀ። ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር። የትኛውን እንዳልኩ እኔም አላውቅም ነበር።